ሳይረን ያለው ታክሲ

«መጀመሪያ ቃሬዛው ይሟላ!»

አምቡላንስ ላይ ሲፓፕ፣ አየርን በግፊት የሚሰጥ ማስክ፣ ይኑር ያለ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፤ በሥልጠና ሻይ ሰዓት ሰምቼዋለሁ፤ በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ታካሚ አስረክቤ ጓንቴን ሳወልቅ ከማከብረው ሐኪም አፍ ሰምቼዋለሁ። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ያየ፣ በባዶ እጁ ብዙ የሠራ ሰው ነው። ስለዚህ ክርክሩን አኮስሼ ልጥለው አልፈልግም። በሙሉ ቁመቱ ላቁመውና እንተያይ።

እንዲህ ይላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ድንገት የታመመ ሰው በአብዛኛው ሆስፒታል የሚደርሰው በአምቡላንስ ሳይሆን በታክሲ ነው። በየወረዳው የታደሉት አምቡላንሶችም በዋናነት የታሰቡት ምጥ የያዛትን እናት ለማድረስ እንጂ ሳንባው ውሃ የሞላበትን ሰው ለማከም አልነበረም። ጎማና ነዳጅ ገና ጥያቄ በሆነበት አገር አየርን በግፊት የሚሰጥ ማስክ መጠየቅ ጫማ ሳይገዙ ካልሲ እንደማማረጥ ነው። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ ሲፓፕ ኦክስጅን ይበላል፤ ሲሊንደሩ ቀለበት መንገድ ላይ ያልቅና ታካሚው ከቀድሞው የባሰ ሁኔታ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ያልሠለጠነ እጅ ሲነካው ይገድላል፤ ለዚህም ከማላዊ የመጣ ጠንካራ ጥናት አለ። አራተኛ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ማስኩ መውለቁ ስለማይቀር በመንገድ የተገኘው ትርፍ በር ላይ ይፈስሳል። አምስተኛ፣ እንግሊዞች ራሳቸው ከሺህ በላይ ሕመምተኞች ላይ ሞክረውት ሞት አልቀነሰም ብለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስድስተኛውን ይጨምራል፦ «ይሄ የቦሌ ሰዎች ጥያቄ ነው።»

በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ እውነት አለ። ድምራቸው ግን ውሸት ነው።

አንድ ሌሊት ላስቀድም። ጃክሮስ አካባቢ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለዋል፤ ትከሻቸው ከትንፋሻቸው ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። መስኮቱ ዝግ ነው። በዓይናቸው ወደ መስኮቱ ያሳያሉ፤ ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ ንፋስ ይመታሻል» እያለች በነጠላ ትሸፍናቸዋለች። ስንገባ የሰማነው ድምፅ ለመስማት ማዳመጫ የማያስፈልገው ነበር፤ የሚንተከተክ ድስት ይመስላል። ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ሮዝ መልክ ያለው አረፋ አለ። የደም ግፊታቸው 210 በ120፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን፣ ሳቹሬሽናቸው፣ ከመቶ 71።

ኦክስጅን በማስክ፣ በደቂቃ 15 ሊትር አደረግን። 74 ደረሰ። የሚያሸናውን መድኃኒት፣ ላሲክስን፣ በደም ሥር ሰጠን። ላሲክስ ግን ሥራውን የሚጀምረው በደቂቃ አይደለም፤ ሽንት እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመን ደረጃውን አወረድናቸው፣ ታች የሚጠብቀን ቃሬዛ ላይ ጀርባቸውን ቀና አድርገን አስቀመጥናቸው፣ ሳይረኑን ከፈትን። መንገዱ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። በጥቂት ደቂቃ የመጀመሪያው ሆስፒታል ደረስን። «አልጋ የለም።» ሁለተኛው ጋ ስንሄድ እማማ ማስኩን መግፋት ጀመሩ። የሚታፈን ሰው ማስክ አይወድም፤ ይህን ያላየ ሰው «ታካሚዋ አስቸገረች» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ መግፋቱን አቆሙ። ይኼ መሻል አልነበረም፤ ደክሟቸው ነው። ሁለተኛው ሆስፒታል ተቀበለን፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገባ፣ ቬንቲሌተር ላይ ሆኑ። ከቬንቲሌተሩ ሳይላቀቁ በአምስተኛው ቀን አረፉ።

ሲፓፕ ቢኖር ይተርፉ ነበር አልልም። ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ያን ሌሊት ቃሬዛው ተሟልቶ ነበር። ነዳጁ ነበር፣ ጎማው ነበር፣ ሳይረኑ ነበር፣ ኦክስጅኑ ነበር፣ ዲግሪ ያለው ነርስ ነበር። «መጀመሪያ» የተባለው ነገር ሁሉ ነበር። ታዲያ ለእማማ ከታክሲው በምን ተሻልናቸው? ጠዋት ማስረከቢያ ላይ ይህን ጥያቄ ራሴን ጠይቄ መልሱ አሳፈረኝ፤ ከታክሲው የምንለየው በሳይረኑ ነበር።

አሁን መሣሪያው ራሱ ምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ግማሹ ተቃውሞ የመጣው ካለማወቅ ነውና። ብዙ ሰው ሲፓፕ ሲባል የሚያስበው ከዋሽንግተን የመጣ አጎት ቦሌ ኤርፖርት ጉምሩክ ላይ ሲያስረዳ የሚውልበትን፣ ማታ ማታ እንዳያንኮራፋ የሚያደርገውን፣ ከሶኬት የሚሰካ ሣጥን ነው። መርሁ አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው። ለአምቡላንስ ከሚሠሩት ውስጥ ቀላሉ፣ ፈረንሳዊው ቡሲኛክ የፈለሰፈው ዓይነት፣ ኤሌክትሪክ የለውም፣ ባትሪ የለውም፣ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ፊት ላይ ገጥሞ የሚታሰር ማስክ፣ ጫፉ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ቫልቭ፣ ከቫልቭዋ ወደ ኦክስጅን ሲሊንደሩ የሚሄድ ቱቦ። በቃ። ኦክስጅኑ በፍጥነት ሲገባ ቫልቭዋ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ የኦክስጅኑን ፍሰት ስትጨምር ግፊቱ ይጨምራል።

ግፊቱ ስንት ነው? ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ። ሁለት የቡና ሲኒ ብትደራርቡ የሚመጣው ቁመት ያህል ውሃ የሚገፋውን ያህል ነው። ይህቺ ትንሽ ግፊት ምን ታደርጋለች? የረጠበ ፌስታል ለመክፈት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ፤ ሁለቱ ጎን ተጣብቆ መጀመሪያ ማላቀቁ ነው አበሳው። አንዴ አየር ከገባበት በኋላ እንዳይዘጋ መያዝ ቀላል ነው። ውሃ የሞላው ሳንባ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ያን ፌስታል እንደ አዲስ ይከፍታል፤ በደቂቃ አርባ ጊዜ። እማማን የገደላቸው ድካም ይህ ድካም ነው። ሲፓፕ ፌስታሉ እንዳይዘጋ ይይዛል፤ በዚያ ላይ ወደ ደረት የሚመለሰውን ደም ቀነስ አድርጎ ከተዳከመው ልብ ላይ ሸክም ያነሳል። ተራ ማስክ ኦክስጅኑን ያበዛል እንጂ የተዘጋውን አይከፍትም።

አዲስ ነገርም አይደለም። በአምቡላንሱ የምናውቀው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ከዓመት ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ፖልተን የተባለ የለንደን ሐኪም ይህንኑ ሕክምና ለዚሁ ሕመም ስለመጠቀሙ ጻፈ፤ የግፊቱ ምንጭ የቤት አቧራ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ነበር። አቧራ መጥረጊያ! እኛ ዘጠና ዓመት ገደማ ያስቆጠረውን ነገር «ዘመናዊ ቅንጦት» ብለን ወረፋ መጨረሻ ላይ አስቀምጠነዋል።

ወደ ኦክስጅኑ እንምጣ፤ ከክርክሮቹ ሁሉ ጠንካራ የሚመስለው እሱ ነውና ጊዜ እሰጠዋለሁ። ስሌቱ ውስብስብ አይደለም። የሲሊንደሩ ስፋት በሊትር ሲባዛ በግፊቱ ያለህን ኦክስጅን ይሰጥሃል። መኪናው ላይ የሚታሰረው ባለ 40 ሊትር ትልቁ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ይዟል። በደቂቃ 15 ሊትር ብትለቅ 400 ደቂቃ ይበቃል፤ በ25 ብትለቅ 240 ደቂቃ። ከአያት እስከ ጥቁር አንበሳ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ መገናኛን ጨምሮ፣ አራት ሰዓት ይፈጃል የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ባለ 10 ሊትሩ መካከለኛ ሲሊንደር እንኳ 1,500 ሊትር ይይዛል፦ በ15 መቶ ደቂቃ፣ በ25 አንድ ሰዓት።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። «ሲፓፕ ኦክስጅን ይበላል» የሚለው ባልደረባዬ ለዚያው ታካሚ በተራው ማስክ በደቂቃ ስንት ሊትር እየሰጠ ነው? 15። ቫልቭዋ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ግፊት ለመስጠት የምትፈልገው ስንት ነው? እሱም 15 ገደማ። ያው ኦክስጅን፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ደቂቃ። ልዩነቱ በአንደኛው ፌስታሉ መከፈቱ፣ በሌላኛው አለመከፈቱ ነው።

እውነተኛው ችግር የት ነው? ትንሿ ሲሊንደር ላይ። ባለ 2 ሊትሯ፣ ከመኪና ወርዶ ድንገተኛ ክፍል እስኪገባ የምንሸከማት፣ 300 ሊትር ብቻ ነው የያዘችው፤ በ25 ሊትር ፍሰት አሥራ ሁለት ደቂቃ። በር ላይ ካርድ አውጡ ከተባልን አለቀች። ይህን አልክድም። መፍትሔው ግን ሁለተኛ ትንሽ ሲሊንደር ነው እንጂ ሕክምናውን መተው አይደለም። ሌላም ልናገር፦ ኦክስጅን መንገድ ላይ ሲያልቅ ያየሁት መሣሪያው በልቶት ሳይሆን ከተረኛው በፊት የነበረው ተረኛ ጌጁን ስላላየ ነው። የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ ጠፍቶ ሾፌሩ በመፍቻ ሲታገል አይቻለሁ። ይህ የቼክሊስት ጉዳይ ነው፤ የሲፓፕ አይደለም። ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ጸደይ፣ ኮቪድ ባየለበት ወቅት፣ ሲሊንደር ተሸክሞ ከበር በር ሲንከራተት ያልነበረ ቤተሰብ የት አለ? ያ ወቅት አገሪቱን ስለ ኦክስጅን ምርትና ሥርጭት ብዙ አስተማረ። ለሆስፒታል የተማርነው ለመኪናው አይሠራም ያለው ማነው?

ከፍታውንም አትርሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። እዚህ ጤነኛው ሰው እንኳ የሚተነፍሰው ከሳሳ አየር ነው። የለንደን ወይም የካናዳዋ ሃሊፋክስ ታካሚ ሳንባው ሲሞላ የሚወርድበት ገደል የእኛ ታካሚ ቀድሞውኑ ጫፉ ላይ የቆመበት ነው። የውጭ ጥናቶቹ ከባሕር ጠለል ብዙም ባልራቁ ከተሞች የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ጥቅሙ ከዚያ ያንሳል ብሎ ለመገመት ምክንያት አይታየኝም። የሚበዛ ይመስለኛል።

የእንግሊዞቹ ነገር። ጥናቱ አለ፤ ትልቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ነው። በ26 ድንገተኛ ክፍሎች 1,069 ሕመምተኞች ተካተውበት በሳምንት ውስጥ የሞተው ከመቶ 9.5 እና 9.8 ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነት የለውም ማለት ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ሲፓፕ ያገኙት ትንፋሻቸው ቶሎ እንደቀለላቸውም ይናገራል። ሁለተኛ፣ ተራ ኦክስጅን ብቻ እንዲያገኙ የተመደቡት ሲብስባቸው ምን ሆኑ? ወደ ሲፓፑ ተዛወሩ፤ ቱቦና ጽኑ ሕሙማን አልጋም ጎናቸው ነበር። እዚያ «ያለ ሲፓፕ» ማለት «ለጊዜው ያለ ሲፓፕ» ማለት ነው። እዚህ «ያለ ሲፓፕ» ማለት ጃክሮስ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። ሁለቱ እንዴት ይነጻጸራሉ?

ከዚያ በኋላ 24 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየው እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የኮክሬን ግምገማ ግፊት ያለው ማስክ በልብ ድካም ሳንባቸው ውሃ በሞላ ሰዎች ላይ በሆስፒታል የሚደርሰውን ሞት በሲሶ ገደማ፣ ቱቦ ማስገባትን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አምቡላንስ ላይ የተሠራም አለ፤ ካናዳ ውስጥ በ71 ሰዎች። ተራ ሕክምና ካገኙት ግማሾቹ ቱቦ ሲገባላቸው ሲፓፕ ካገኙት አንድ አምስተኛው ብቻ ነበር። ተቃዋሚዬ ፈጥኖ «ትንሽ ጥናት ነው» ይላል። አዎ፣ ትንሽ ነው። በኋላ በእንግሊዝ አምቡላንሶች ላይ የተሞከረውና 77 ሰዎች ብቻ የተገኙለት ጥናት ደግሞ ትልቁን ጥናት መሥራት አያዋጣም ብሎ ደምድሟል። ይህንንም እቀበላለሁ፤ ለእነሱ። እዚያ አምቡላንሱ የሚወስዳት ታካሚ በር ላይ «አልጋ የለም» ተብላ አትመለስም።

ቱቦን በግማሽ መቀነስ ማለት ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለን እንየው፤ የክርክሩ አጥንት ያለው እዚህ ነው። ቱቦ የገባለት ሰው ቬንቲሌተር ይፈልጋል፤ ቬንቲሌተሩ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ይፈልጋል፤ አልጋው ሌት ተቀን ነርስ ይፈልጋል፤ የግል ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ማስያዣ ለመክፈል መኪናውን፣ አንዳንዴም ቤቱን ይሸጣል። አልጋ እንደ ልብ ያለው አገር ሲፓፕ ባይኖረው ይከብደዋል እንጂ አይሞትም፤ ታካሚውን ወደ ሌላው ሕክምና ያሻግራል። አልጋ የሌለው አገር ግን ወዴት ያሻግራል? ቅንጦቱ የቱ ነው፤ ማስክና ቫልቭዋ ወይስ ባለመግዛታችን የምንሞላው አልጋ? ሀብታም አገሮች ያለ ሲፓፕ መኖር ይችላሉ። የማንችለው እኛ ነን።

አሁን ማላዊ። ይህን ክርክር የሚያነሳ ሰው አንብቧልና አከብረዋለሁ። በሳሊማ ወረዳ ሆስፒታል፣ ከ600 በላይ ጽኑ የሳንባ ምች የያዛቸው ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናት፣ በሲፓፕ የታከሙት ከመቶ 17 ሲሞቱ በተራ ኦክስጅን የታከሙት ከመቶ 11 ነበሩ። አስደንጋጭ ነው። ግን ወደ ሌሎቹም እንሂድ። ባንግላዴሽ፣ ዳካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ተመሳሳይ ጥናት ሞትን ከመቶ 15 ወደ 4 አውርዶታል። በእኛው አገር፣ በ12 ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናትም ሞትን በግልጽ ቀንሶ ነው የተገኘው። ምንድነው ልዩነቱ? መሣሪያው? በዳካና በኢትዮጵያ ሐኪም በየቀኑ ይከታተል ነበር፤ በማላዊ ሥራው የተከናወነው ያለ ሐኪም ነው፤ ከሕፃናቱም ብዙዎቹ በኤችአይቪና በምግብ እጥረት የተጎዱ ነበሩ። የመሣሪያው መርህ አንድ ነው። ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው የሚከታተል ሰው መኖር አለመኖሩ ይመስለኛል።

እንግዲህ ልጠይቅ። በመላው የጤና ሥርዓታችን ውስጥ አንድ ባለሙያ ለአንድ ታካሚ ብቻ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ የሚከታተልበት ቦታ የት ነው? ዋርድ ውስጥ አንድ ነርስ ለስንት አልጋ እንደሆነ ያስታመመ ሁሉ ያውቃል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንኳ አንዳንዴ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ለአንድ የሚኮነው አምቡላንስ ውስጥ ነው። የማላዊው ጥናት ያስተማረን ሲፓፕ ያለ ክትትል አደገኛ እንደሆነ ነው፤ ያን ትምህርት የሚያሟላው ቦታ ደግሞ ይኸው ቦታ ነው። በዚያ ላይ እኔ የምጠይቀው ለሕፃናት አይደለም። ለአዋቂዎች፣ ለሁለት ሕመም፦ በልብ ምክንያት ሳንባው ውሃ ለሞላበትና የቆየ የሳንባ በሽታው ለተነሳበት።

ሥልጠናስ? አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት አገር አቀፍ የሥራ ወሰን ሰነድ ሲፓፕን ለአምቡላንስ ሠራተኛ ፈቅደውለታል፤ የጥቂት ወራት ሥልጠና ለወሰደ፣ ሐኪምም ነርስም ላልሆነ ሰው። እዚህ አምቡላንስ ውስጥ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት የተማረ ነርስ ነው። የሚማረው ምንድነው? ማንን እንደማይነካ። ራሱን የሳተ ሰው፣ የሚያስታውክ፣ የላይኛው የደም ግፊቱ ከ90 በታች የወረደ፣ ደረቱ የተመታ፣ ፊቱ የተሰበረ። አምስት «አይሆንም»። ከዚያ ማስኩን በመጀመሪያ በእጅ ይዞ ታካሚውን ማረጋጋት፣ «እናቴ፣ መጀመሪያ ያፍናል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ» ማለት፣ ከዚያ ማሰሪያውን ማጥበቅ። በኮቪድ ዘመን ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሊኒየም አዳራሽ የሠሩ ነርሶች ግፊት ያለው ማስክ ምን እንደሆነ ሊነገራቸው አይገባም። ባዛርና ኮንሰርት የምናውቀው የቦሌው አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. በሳምንታት ውስጥ ትልቅ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ያን ጊዜ «መጀመሪያ» ያለ ሰው ነበር? አስፈለገ፣ ተሠራ።

በር ላይ ማስኩ ይወልቃል የሚለውን ባጭሩ። ቫልቭዋ የአንድ ታካሚ ናት፤ ከመኪናው ሲሊንደር ተነቅላ ከሆስፒታሉ ግድግዳ ኦክስጅን ላይ ትሰካለች፣ ማስኩ ከታካሚው ፊት ሳይነሳ። ለዚያ የሚያስፈልገው ፍሰቱ የሚበቃ ፍሎውሜትርና አስቀድሞ የተነገረው ተረኛ ሐኪም ነው። ባይኖር እንኳ፣ የደም ግፊታቸው ሰማይ ነክቶ ሳንባቸው ድንገት የሞላ ሰዎች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት መሻል ይጀምራሉ፤ ያ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ያለው መኪናው ውስጥ ነው። «አልጋ የለም» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ የሲፓፕ ተቃውሞ ሆኖ ይቀርባል። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ምክንያት እሱ ነው። ታካሚን የትም በማይቀበሉበት አገር ታካሚውን የያዘው መኪና መታከሚያ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

መንገዱ ሰፍቷል፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ በኮሪደር ልማቱ ተስተካክሏል፣ ቶሎ እንደርሳለን የሚልም ሰምቻለሁ። ሸጋ ነው። ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጎሮ ጓሮ የሚነሳው ሰው ግን መጀመሪያ አራት ፎቅ ይወርዳል፣ ከዚያ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ነው አስፋልቱ።

«የቦሌ ሰዎች ጥያቄ ነው» የሚለው ስድብ ነው፤ ግን እሱንም ልመልስ። ቦሌ ማለት ካፌና ቪላ ብቻ የሚመስለው ሰው ወደ ምሥራቅ ሄዶ አያውቅም። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተቋቋመው ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የኮንዶሚኒየም ባሕር ነው። ድንገት የምትታፈነው ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ በቅጡ ሳትታከም ቀርታ፣ የልብ ቫልቭዋ የተበላሸባትና በሃያ ስድስት ዓመቷ ስታረግዝ ልቧ አልችል ያላት ልጅ ናት። ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ሃምሳ ዓመት የኖረ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። ዕድሜ ልኳን በማገዶ ጭስ ስትጋግር ሳንባዋ የጠቆረ እናት ናት። ባለ ቪላውማ በራሱ መኪና ሄዷል፤ ማስያዣውንም ይከፍላል።

«መጀመሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ነው የሚያናድደኝ። እ.ኤ.አ. በ2008 ክብረት አበበ የተባለ የጥቁር አንበሳ ሰመመን ሰጪ ነርስ ቤቱን ሸጦ ሦስት አምቡላንስ ገዛና ጠብታ አምቡላንስን መሠረተ። «መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ፣ መጀመሪያ ሕዝቡ መጥራት ይልመድ» እያለ ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ ቤቱ ውስጥ በተቀመጠ። የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀመር ድንገተኛ ክፍሎቻችን ምን ይመስሉ እንደነበር የሠራንበት እናውቃለን። ሁሉ ተሟልቶ የተጀመረ ነገር በዚህች ከተማ አላውቅም። ከላይ ወደ ታች ወረፋ አስይዞ የሚታከም በሽታም አላውቅም። ቃሬዛና ሲፓፕ ተፎካካሪ አይደሉም፤ ቃሬዛ ጀርባውን ለታመመ ነው፣ ሲፓፕ ለሚታፈን። አንዱን ለማግኘት ሌላውን የምንሰዋበት ምክንያት የለም፤ ዋጋውም በአንድ ሌሊት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሒሳብ ፊት የሚጠቀስ አይደለም።

ስለዚህ ይህን እላለሁ። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ በሚዞሩት አምቡላንሶች ላይ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ 907ም ይጥሩት 939፣ በእያንዳንዱ መኪና ሁለት ማስክና ቫልቭ ይቀመጥ። ለአዋቂ ብቻ፣ አምስቱ «አይሆንም» በመኪናው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ ሁለተኛ ትንሽ ሲሊንደር ተጨምሮ፣ የመክፈቻው ቁልፍ በሰንሰለት ታስሮ። ማስኩ ሲገጠም ሳቹሬሽኑና የትንፋሹ ቁጥር ይጻፍ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጻፍ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ይጻፍ። ቱቦ የገባለት ይቆጠር፣ ያልገባለት ይቆጠር፣ የሞተም ይቆጠር፣ ሲፓፑ ራሱ የጎዳውም ሳይደበቅ ይቆጠር። ስድስት ወር።

ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርገን እንከራከር። ቁጥሩ እኔን ካዋረደኝ ማስኮቹን ራሴ ሰብስቤ አስረክባለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ሲጠራ «ትንፋሽ አጥሯቸዋል፣ ጃክሮስ፣ አራተኛ ፎቅ» ሲባል ያን ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እጄ ባዶ እንዳይሆን ነው የምጠይቀው።